ወደ ቦንጋ በመኪና ስንሄድ ስልካችንን ምን ያህል እንመን?

መንገደኛ ከሜሪላንድ

ጤና ይስጥልን። በመጪው ታኅሣሥ የልጆቼ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ከእናቴና ከሁለቱ ልጆቼ ጋር ወደ አገር ቤት መጥተን፣ ከአዲስ አበባ በጅማ በኩል እስከ ቦንጋ በመኪና ለመሄድ አስበናል። እናቴ የተወለደችው ከቦንጋ ወጣ ብላ በምትገኝ አንዲት መንደር ሲሆን፣ ልጆቼ አያታቸው ያደገችበትን ቀዬና የቡናውን ጫካ በዓይናቸው እንዲያዩ እፈልጋለሁ። መኪናውን የሚነዳው አዲስ አበባ የሚኖረው ወንድሜ ነው፤ እሱም ከወልቂጤ አልፎ ሄዶ አያውቅም።

ጉዞው ገና ሳይጀመር በቤተሰባችን መካከል ክርክር ተነሥቷል። ወንድሜ ካርታው በስልኩ ውስጥ ስላለ ሌላ ዝግጅት አያስፈልገንም ባይ ነው። ለረጅም ዓመታት የጭነት መኪና የነዱት አጎታችን ደግሞ ስልክ አምኖ ገጠር መግባት ትልቅ ድፍረት ነው፣ ድሮም ሆነ ዛሬ መንገድ የሚገኘው ሰው በመጠየቅ ነው ይላሉ። ሁለቱም ከልባቸው ስለሚናገሩ የትኛውን ይዤ እንደምዘጋጅ ተቸግሬአለሁ።

ከዚህ ጋር አብሮ የሚያሳስበኝ ሌላ ነገርም አለ። በምኖርበት አገር ልጆቼ ወደ የትም ሲሄዱ ስልኩ ‹ወደ ቀኝ ታጠፉ፣ ወደ ግራ ታጠፉ› እያለ ይመራቸዋል፤ የማያውቁትን ሰው አስቁመው መንገድ የመጠየቅ ልምድ የላቸውም፣ ያለፉባቸውን ሰፈሮችም አያስታውሱም። በዚህ ጉዞ ላይ ስልኩን ሙሉ በሙሉ ልከልክላቸው ወይስ አለመጠቀሙ ራሱ አደጋ አለው? ያንን መንገድ የምታውቁ ሰዎች ብትመክሩኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

ሾፌር ከወሊሶ

እህቴ፣ እንኳን ለዚህ ጉዞ አበቃችሁ። በዚያ መስመር ሰው በማጓጓዝ ስለምተዳደር የማውቀውን ልንገርዎ።

ክርክሩ የሚነሣው ስልኩ የሚሠራቸው ሁለት የተለያዩ ሥራዎች እንደ አንድ ስለሚታዩ ይመስለኛል። አንዱ ያላችሁበትን ቦታ ማወቅ ሲሆን ሌላው ካርታ ማሳየትና መንገድ መምረጥ ነው። የመጀመሪያው ኢንተርኔት አይፈልግም። የጂፒኤስ ሳተላይቶች ከምድር በላይ 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ እየዞሩ ሰዓታቸውንና ያሉበትን ቦታ ያለማቋረጥ ያስተላልፋሉ፤ ስልኩም ቢያንስ የአራቱን ምልክት ከተቀበለ፣ ምልክቱ ለመድረስ ከፈጀው ጊዜ ተነሥቶ የራሱን ቦታ ያሰላል። ስልኩ ተቀባይ ብቻ ስለሆነ ወደ ሳተላይቱ የሚልከው ነገር የለም፤ በዚህም ምክንያት ሲም ካርድ ባይኖረው እንኳ የት እንዳለ ያውቃል። ይህን ብዙ ተጓዥ ስለማያውቅ ኔትወርክ ሲጠፋ ስልኩ ከጥቅም ውጭ የሆነ ይመስለውና ይዘጋዋል።

ኔትወርክ ሲጠፋ የሚጠፋው ካርታው ነው። ስለዚህ አዲስ አበባ ሳላችሁ፣ ዋይፋይ ባለበት ቤት ቁጭ ብላችሁ፣ ከአዲስ አበባ እስከ ቦንጋ ያለውን አካባቢ በሙሉ ስልካችሁ ላይ አውርዱት። በጉግል ካርታም ይቻላል፤ እኔ ግን ገጠር ስገባ ኦርጋኒክ ማፕስን እመርጣለሁ፤ እሱ የሚጠቀመው ኦፕንስትሪትማፕ የተባለውን፣ ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጎ ፈቃደኞች በነጻ የሚሠሩትን ካርታ ስለሆነ፣ አንዳንድ ቦታ ላይ የእግር መንገዶችን ሳይቀር ያሳያል። አንዳንድ ቦታ ላይ ደግሞ ባዶ ነው፤ ካርታው የሚሞላው ያንን አካባቢ የሚያውቅ ሰው ሲሣልበት ብቻ ነውና።

አንድ ነገር ልጨምር። ኔትወርክ በሌለበት ስልኩ ቦታውን ለማግኘት ይዘገያል፤ የሳተላይቶቹን የምሕዋር መረጃ በኢንተርኔት ማግኘት ሲያቅተው ከሳተላይቶቹ ቀስ እያለ ስለሚቀበል ነው። ወደ ግቤ በረሃ ስትወርዱም ገደሉ ከሰማዩ የተወሰነውን ስለሚጋርደው፣ ያላችሁበትን የሚያሳየው ነጥብ ከመንገዱ ወጣ ብሎ ሊታያችሁ ይችላል። ገላጣ ቦታ ላይ ስትደርሱ ራሱ ይስተካከላልና አትደንግጡ።

መንገዱን በተመለከተ ግን እስከ ቦንጋ ለመሳሳት ያስቸግራል። ሰበታን፣ ቱሉ ቦሎን፣ ወሊሶንና ወልቂጤን አልፋችሁ፣ ግቤን ተሻግራችሁ፣ በሰኮሩ፣ በአሰንዳቦና በሰርቦ በኩል ጅማ ትገባላችሁ፤ ይህ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከጅማ ደግሞ በሸቤ አድርጋችሁ የጎጀብን ወንዝ ስትሻገሩ ካፋ ናችሁ፤ ከጅማ እስከ ቦንጋ 110 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። የከተሞቹን ስም በቅደም ተከተል በወረቀት ጽፋችሁ ከፊት ወንበር ላይ አስቀምጡት። እኔን የሚያሳስበኝ መንገዱ ሳይሆን ካርታው የሚሰጠው የመድረሻ ሰዓት ነው። ካርታው ርቀትን በፍጥነት አካፍሎ ሰዓት ይነግራችኋል፤ በገበያ ቀን አስፋልቱን ሞልተው የሚሄዱትን ከብቶች፣ ከተማ ውስጥ የሚሽሎኮሎኩትን ባጃጆች፣ የሚጠገነውን መንገድና ከጎጀብ ወዲያ የሚወርደውን ጉም ግን አይቆጥርም። በዚያ ሰዓት ላይ ተማምነው በጨለማ የሚነዱ ሰዎችን ሳይ በጣም አዝናለሁ። ጅማ እደሩ፤ እናትዎም ያርፋሉ።

ስልኩን የሚያነበው ደግሞ ወንድምዎ ሳይሆን ከጎኑ የተቀመጠው ሰው ይሁን።

ነዋሪ ከጅማ

ከላይ የተጻፈው ሁሉ ትክክል ነው፤ ስለ ካርታ ስናወራ ግን ከካርታ የበለጠ በቴክኖሎጂ ላይ የተንጠለጠለው ነገር ተረስቷል፤ እሱም ነዳጅ ነው። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ፣ ቀጥሎም በግንቦት በመላ አገሪቱ፣ ነዳጅ በጥሬ ገንዘብ ሳይሆን በዲጂታል ክፍያ እንዲሸጥ ተወስኗል። ውጭ አገር ብዙ ለኖረ ሰው በካርድ መክፈል የለመደው ነገር ስለሆነ ቀላል ሊመስለው ይችላል። እዚህ ግን የሚከፈለው በአብዛኛው በቴሌብርና በባንክ የሞባይል መተግበሪያዎች ነው፤ ስለዚህ የኢትዮጵያ ስልክ ቁጥርና በውስጡ ገንዘብ ያለው ሒሳብ ያስፈልጋል። ማደያ ደርሶ ኔትወርክ ከሌለ፣ ወረፋው በሙሉ ቆሞ ይጠብቃል።

ስለዚህ ወንድምዎ በስልኩ ላይ ካለው መተግበሪያ ሌላ በአጭር ቁጥር መክፈልን ይልመድ። ቴሌብር በ*127#፣ የንግድ ባንክ አገልግሎት ደግሞ በ*889# ይሠራል፤ ሁለቱም ኢንተርኔት አይፈልጉም፣ የስልክ ኔትወርክ ብቻ ካለ በተራ የእጅ ስልክም ይሠራሉ። ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ ዳታ ጨርሶ እንቢ ባለበት ሰዓት በአጭር ቁጥር ከፍለው የሚሄዱ ብዙ ሰዎች አያለሁ። ወልቂጤ ላይ ሙሉ ቅዱ፣ ጅማ ላይ ድጋሚ ሙሉ፤ ‹ቦንጋ ስንደርስ እንቀዳለን› ብላችሁ አትሂዱ።

ጥሬ ገንዘብም፣ በተለይ ዝርዝር ብር፣ ያዙ። ምሳ ቤት፣ ጎማ ጠጋኝ፣ ፍራፍሬ ሻጭ፣ መንገድ ዳር ማር የሚሸጡ ልጆች ዘንድ እሱ ነው የሚሠራው። የጅማውን ሆቴል ማረጋገጫና የአውሮፕላን ትኬቶቻችሁንም በወረቀት አትሙ። በሰኔ 2011 እና በሰኔ ማብቂያ 2012 ዓ.ም. ኢንተርኔት በአገር አቀፍ ደረጃ ሲቋረጥ፣ ደብዳቤያቸውን ሁሉ በኢሜይል ውስጥ የተዉ እንግዶች የሆቴላቸውን ስም እንኳ ማስታወስ ሲያቅታቸው እዚሁ አይተናል። ወረቀት ባትሪ አያልቅበትም።

መምህር ከቦንጋ

ወደ አገራችን ስለምትመጡ ደስ ብሎኛል። ስለ መንገድና ስለ ነዳጅ የተባለውን አልደግመውም፤ ልጽፍልዎ የፈለግሁት ከቦንጋ በኋላ ስላለው መንገድ ነው፤ የአጎትዎ ምክር ዋጋ የሚያገኘው እዚያ ነውና።

ቦንጋ ራሷ ከባድ አይደለችም። ከኅዳር 2014 ዓ.ም. ወዲህ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል መቀመጫ ሆናለች፤ የብሔራዊ ቡና ሙዚየምም ያለው እዚሁ ነው። ዩኔስኮ በ2010 እ.ኤ.አ. የመዘገበው የካፋ ጥብቅ የደን ሥፍራም በከተማው ዙሪያ ይገኛል። ወደ እናትዎ መንደር የሚወስደው መንገድ ግን ምናልባት በካርታው ላይ ቀጭን መስመር ሆኖ ሊታይ፣ ወይም ጨርሶ ላይኖር ይችላል። ቢኖርም ካርታው መስመሩ መኖሩን እንጂ በዚያ ሳምንት መኪና የሚያሳልፍ መሆኑን አይነግራችሁም። ካፋ ከብዙ የአገራችን ክፍሎች የበለጠ ረጅም የዝናብ ወቅት አለው፤ በታኅሣሥም ቢሆን አንድ ሌሊት የጣለ ዝናብ ጥርጊያ መንገዱን ጭቃ ያደርገዋል። ትናንት በዚያ ያለፈ ሰው ግን ያውቃል። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ እንዲሉ፣ ይህን የሚያውቁት የአካባቢው ሰዎች፣ በተለይም በዚያ ወቅት ቡና ለቀማ ስለሆነ ከየመንደሩ እሸት ቡና የሚጭኑ የአይሱዙ ሾፌሮች ናቸው። የመንገዱን ሰላምም የምትጠይቁት ከእነሱ ነው፤ ይህን በየዕለቱ ሳትጠይቁ አትነሡ።

ሰው መጠየቅ ግን አጠያየቅ አለው፤ ልጆችዎ ሊማሩት ይገባል የምለውም ይህን ነው። መጀመሪያ ሰላምታ ይቀድማል፤ በጅማ ዞን ሳላችሁ ‹አካም ጅርቱ› ብትሉ ፊቶች ሁሉ ይበሩላችኋል። ከመኪና መስኮት ሆኖ ከመጮህ ይልቅ ወርዶ መጠየቅ ይሻላል። ከሁሉ በላይ ግን መልሱን በጥያቄው ውስጥ አታስቀምጡት። ‹ይህ መንገድ ወደ ቦንጋ ይወስዳል አይደል?› ብላችሁ ከጠየቃችሁ፣ እንግዳን ላለማሳፈር ብሎ ‹አዎ› የሚላችሁ ብዙ ነው። ‹የቦንጋ መንገድ የትኛው ነው?› ብትሉ ግን የሚያውቅ ያሳያችኋል፣ የማያውቅ ሌላ ሰው ይጠራላችኋል። ርቀት ስትጠይቁም በእግር ነው በመኪና በሉ፤ በእግር መሄድ ለለመደ ሰው ‹ቅርብ ነው› ማለት ግማሽ ቀን ሊሆን ይችላል። አንድን ጥያቄ ለሁለት ሰዎች፣ በተለያየ ቦታ፣ መጠየቅም ነውር የለውም።

ልጆችዎን ስልክ መከልከል አያስፈልግም። ሥራ ስጧቸው። አንዱ በወረደው ካርታ ላይ ይከታተል፣ አንዱ ወርዶ ይጠይቅ፤ ነገ ይለዋወጡ። ከዚያ ካርታው ያለውና ሰው ያለው ሲለያዩ በመኪናው ውስጥ ይነጋገሩበት። ያን ጊዜ የትኛው ምንጭ የትኛውን ነገር እንደሚያውቅ ራሳቸው ይለያሉ።

እናትዎን ደግሞ ከጉዞው በፊት ተቀምጣችሁ ጠይቋቸው። መንደራቸው ከየትኛው ወንዝ ማዶ እንደሆነ፣ የቅርቡ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ የቱ እንደነበር፣ ገበያ የሚወጡት የት እንደነበር፣ የአባታቸውና የአያታቸው ስም ማን እንደሆነ በዝርዝር ጻፉ። በእኛ አካባቢ የቤት ቁጥር የሚጠይቃችሁ የለም፤ ‹የማን ልጅ ናችሁ?› የሚል ግን አታጡም። የአያትዎን ስም ስትናገሩ፣ ሥራውን ጥሎ እስከ ደጃፉ የሚያደርሳችሁ ሰው ይነሣል።

ተመራቂ ተማሪ፣ ስድስት ኪሎ

መምህራችን ስለ ልጆቹ ያሉት ነገር ከሳይንስም ድጋፍ ያለው ይመስለኛል። በ2000 እ.ኤ.አ. የታተመው የኤሌኖር ማጓየርና የባልደረቦቿ ጥናት እንዳሳየው፣ የለንደንን ጎዳናዎች በቃላቸው አጥንተው ፈተና የሚያልፉ የታክሲ ሾፌሮች፣ ከሌሎች ሰዎች ጋር ሲነጻጸሩ ቦታንና መንገድን ለማስታወስ የሚያገለግለው፣ ሂፖካምፐስ የተባለው የአንጎል ክፍላቸው የኋለኛው ወገን ሰፋ ያለ ነው። ስለዚህ ስልክ ሁልጊዜ የሚመራቸው ልጆች አንጎላቸው እየደከመ ነው ማለት ይቻላል።

መምህር ከቦንጋ

ጥናቱን ማንሣትዎ ጥሩ ነው፤ የመጨረሻውን ዐረፍተ ነገር ግን አልቀበለውም። ጥናቱ የተካሄደው ለዓመታት በጥረት ባጠኑ ሾፌሮች ላይ ነው፤ የሚያሳየውም መንገድ ማጥናት ከአንጎል ለውጥ ጋር መያያዙን ነው። ስልክ የሚጠቀም ልጅ አንጎሉ ይደክማል የሚል ውጤት በውስጡ የለም። እናትን በከንቱ ከምናስፈራ፣ ልጅ መንገዱን የሚያስታውሰው ትኩረቱን ሲሰጠው ነው ብንል ይበቃል፤ ይህን በክፍሌ ውስጥ ዘወትር የማየው ነው። በሥራ ላይ ያለ ልጅ መንገዱን ያያል።

መንገደኛ ከሜሪላንድ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ይህን ሁሉ ጊዜ ሰጥታችሁ ስለጻፋችሁልኝ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ያነበብኩትን ለእናቴ አነበብኩላት፤ የወንዙንና የገበያውን ስም ስትነግረኝ አመሸን፣ ልጆቼም ተቀምጠው ሰሙ። ወንድሜም ወረቀቱን ለማዘጋጀት ተስማምቷል።

ሁለት ነገር ልጠይቅ። አንደኛ፣ የጅማው ሆቴል ‹ቁርስ እስከ 4 ሰዓት ነው› ብሎ ጽፎልኛል፤ ልጆቼ ስልካቸው ላይ 4 ሰዓትን ሲያዩ ሌሊት ነው ብለው ግራ ገባቸው፣ እኔም የቀጠሮ ሰዓቶችን እንዳላሳስት እሰጋለሁ። ሁለተኛ፣ መንደሯን ካገኘናት በኋላ ሌሎች ዘመዶቻችን በኋላ እንዲያገኟት ቦታውን በስልክ ማስቀመጥ እንዴት ይቻላል?

ሾፌር ከወሊሶ

ስለ ሰዓቱ፣ ሰው በቃል ሲነግራችሁ ሁልጊዜ በእኛ አቆጣጠር መሆኑን ያዙ፤ በአውሮፕላን ትኬትና በስልክ ላይ ያለው ደግሞ በውጭው አቆጣጠር ነው። ልዩነቱ 6 ሰዓት ስለሆነ የሆቴሉ 4 ሰዓት በልጆችዎ ስልክ ከጠዋቱ 10 ሰዓት ነው። ቀጠሮ ስትይዙ ‹ከጠዋቱ› ወይም ‹ከሌሊቱ› የሚለውን ቃል ሁልጊዜ ጨምሩ፤ ማለዳ ለመነሣት ‹12 ሰዓት› ብቻ ብሎ የተነጋገረ ብዙ ሰው በቀትር የሚመጣው ይህን ባለመጨመሩ ነው። ለልጆቹ ሁለቱንም ሰዓት ጎን ለጎን ጻፉላቸው።

ስለ ቦታው፣ እዚያ ስትደርሱ ገላጣ ሜዳ ላይ ቆማችሁ በካርታው ላይ ያላችሁበትን ነጥብ ጫን አድርጋችሁ ስትይዙት ቦታውን ለማስቀመጥ አማራጭ ይሰጣችኋል፤ ኢንተርኔት ባይኖርም በስልኩ ውስጥ ይቀመጣል። ቦታውን የሚያመለክቱትን ቁጥሮችም (ኬክሮስና ኬንትሮስ) በወረቀት ገልብጡ። ከዚያ ኔትወርክ ያለበት ስትመለሱ ለዘመዶቻችሁ ትልካላችሁ። ከፈለጋችሁ ደግሞ የመንደሯን ስም በኦፕንስትሪትማፕ ላይ ማስገባት ትችላላችሁ፤ የሚያስከፍለው ነገር የለም፣ ልጆችዎም በቀላሉ ይማሩታል።

መምህር ከቦንጋ

በዚህ ላይ አንድ ነገር ብቻ። በሕዝብ ካርታ ላይ ስታስገቡ የመንደሩን ስም፣ ትምህርት ቤቱን፣ ቤተ ክርስቲያኑን፣ ድልድዩን አስገቡ፤ የሰዎችን መኖሪያ ቤት በስማቸው አታስገቡ። ስሙን ከመጻፋችሁ በፊትም ለአካባቢው ሽማግሌዎች አንብቡላቸው፤ በካፍኛ የሚጠራበትን ድምፅ እነሱ ያስተካክሉላችኋል። ከጅማ ስትነሡ እዚሁ ብትጽፉልኝ፣ የዚያን ሳምንት የጥርጊያውን ሁኔታ ከአይሱዙ ሾፌሮቹ ጠይቄ አስቀድሜ እነግራችኋለሁ።